ጓንት የሌለው ሬሳ

ሳቫ በአደን ጎጆው መደብ ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተገኘ። ጀርባው ላይ ፍላጻ ተተክሎበታል። ሰውነቱ ደርቋል።

ሳቫ የሞስኮ ግብር ሰብሳቢ ነበር።

መቼም ሰው ሆኖ የማይሞት የለም። የሞስኮ ግብር ሰብሳቢ ግን በእኛ ጫካ ሲሞት ብቻውን አይሞትም፤ አገር ይዞ ነው የሚሞተው። በታላቋ ፔርም ምድር ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። አያቶቻችን ለኖቭጎሮድ ቆዳ ሲገብሩ ኖሩ። አባቶቻችን ለኖቭጎሮድም ለሞስኮም ገበሩ። ከተራራው ማዶ ያሉት ቩጉሎች ደግሞ ሳይጠይቁ ይወስዳሉ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል የደላው ሰው። እኛ የዩካር ሰዎች ግን ባላዎቹ የተተከሉት ጀርባችን ላይ ነው።

ፍላጻው ደግሞ የኖቭጎሮድ ሆኖ አረፈው!

ሬሳውን በበረዶ ጋሪ እየጎተተ ያመጣው አዳኙ ቩርድ ነው። አምባው በር ሲደርስ ላብ አጥምቆት ነበር። «ጎጆው ውስጥ አገኘሁት» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። የዩካር ሹም ዶዝሞር «ሳቫ ሲወጣ እኔ ቼርዲን ከተማ ነበርኩ» እያለ ወጣ። የሳቫ ጠባቂ የነበረው ወጣቱ የሞስኮ ወታደር እስቴፓንም ወጣ። እስቴፓን ጎንበስ ብሎ ፍላጻውን አየ። ጭራው ላይ በሰማያዊ የተነከረ ላባ አለ።

«የማነው ይሄ?»

ሁሉም ዞሮ ያኪምን አየው።

ያኪም የኖቭጎሮድ ነጋዴ ነው። መርፌና ድስት ሊሸጥ መጥቶ፣ የካሊያን ልጅ ቺኪሽን አይቶ፣ በዚያው ቀረ። አሁን ቺኪሽ እርጉዝ ናት። ላባ በሰማያዊ የሚነክር እሱ ብቻ ነው፤ «ዕቃዬ ከሩቅ ይታወቅልኝ» ባይ ነው። በቅርቡ ደግሞ አደባባይ ላይ ከሳቫ ጋር ስለ ቆዳ ተጨቃጭቆ «ጫካ ውስጥ ብቻህን ባገኝህ!» ሲል አገር ሰምቷል።

«እኔ አይደለሁም!» አለ ያኪም። «ፍላጻዬን ለግማሹ አገር ሸጬዋለሁ!»

«ግማሹ አገር» አለ ዶዝሞር ቀስ ብሎ፣ «አደባባይ ላይ አልፎከረም።»

ያኪምን በረጃጅም እንጨቶች ላይ ወደተሠራው ጎተራ አወጡትና መሰላሉን አነሱበት። እስቴፓን ነገሩን አሳጠረ። ነገ ረፋድ ላይ፣ በረዶው ሳይለሰልስ፣ ገዳዩን ይዞ ይሄዳል። ገዳዩ ሞስኮ ላይ ይሰቀላል። ገዳዩን ካልሰጡት ግን በበጋ ብዙ ሰው ይመጣል፤ ዩካርም አመድ ትሆናለች።

«ያኪምን ሰጥተን፣ ኖቭጎሮዶች ስለ ሰዋቸው ሊጠይቁን በጀልባ ሲመጡስ?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«እነሱ የሚመጡት ወንዙ ሲቀልጥ ነው» አለ ዶዝሞር። «ሞስኮ ግን ይኸው በራፋችን ላይ ቆሟል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የኖቭጎሮድን ሰው በእጃቸው ማስረከብ ፈርተዋል። ስለዚህ ካሊያ ተጠራች፤ እሷ ከተናገረች ፍርዱ የነሱ አይሆንም።

ካሊያ ባሏ የሞተባት፣ ጥርሷ የሳሳ፣ ምላሷ ግን ያልሳሳ ሴት ናት። ሰው ሲታመም ወይ ላም ስትጠፋ፣ መጥረቢያ በገመድ አንጠልጥላ ስም ትጠራለች። መጥረቢያው የተወዛወዘበት ስም የጥፋተኛው ነው። ቄሱ ካጠመቁን ወዲህ ክልክል ነው ይባላል። እሳቸው ግን ብርዱ ሲጠና ወደ ቼርዲን ይወርዳሉ፤ ክልከላውም አብሯቸው ይወርዳል።

እውነቱን ለመናገር ካሊያ ራሷ መጥረቢያውን ብዙም አታምነውም። እሷ የምታየው ፊት ነው። ስም ሲጠራ ማን ምራቁን እንደሚውጥ፣ ማን እንደሚያስለው። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያሳክካት አንድ ነገር ነው፤ «ለምን?» የሚለው። ላሟ ስትገኝ ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ካሊያ ቀርታ «ግን ለምን ወደዚያ ሄደች?» የምትል ሴት ናት።

መጥረቢያውን አንጠለጠለች።

«ቩርድ።» መጥረቢያው ዝም።

«እስቴፓን።» ዝም። እስቴፓን ራሱ ሳቀ።

«ዶዝሞር።» ዝም።

«ያኪም» አለች፣ ለደንቡ ያህል።

መጥረቢያው ተወዛወዘ።

ሕዝቡ «ኡኡ!» አለ። ካሊያ ደነገጠች። ከመደንገጧ የተነሳ የማንንም ፊት ሳታይ ቀረች።

ቤት ሲገቡ ቺኪሽ ጮኸችባት።

«እጅሽ ነው! እጅሽ ነው ያወዛወዘው፣ እማዬ! ከድሮም አትወጂውም!»

«አልወደውም» አለች ካሊያ። «ይበላል፣ ይለፈልፋል፣ ሲስቅ ጣራ ያነሳል። እጄም ይህን ያውቅ ኖሯል። መጥረቢያው የተናገረው የእኔን ሆድ እንጂ የሳቫን ገዳይ አይደለም።»

«ታዲያ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸዋ!»

«ማን ይሰማኛል? የገዛ አማቿን ልታድን ነው ይሉኛል።»

«ነገ ይወስዱታል እኮ! ልጄ አባቱን ሳያይ ሊወለድ ነው!»

«አልቅሰሽ ስትጨርሺ ሾርባ ሥሪለትና በገመድ ጎትቶ ያውጣው» አለች ካሊያ ካባዋን እያጠለቀች። «እኔ ሰው ልጠይቅ ነው።»

በእኛ አገር ሬሳ የሚያጥቡት ሴቶች ናቸው። የሹሙ ሚስት ዩስ ቀድማ ውሃ አሙቃ ጠበቀቻት። ዩስ ደግ ናት። ወሬዋ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ልጇ። ያንን ልጅ ገና የወተት ጥርሱን ሳይጨርስ ነበር ሞስኮዎች መያዣ ብለው የወሰዱት፣ ዶዝሞር ፊቱን ወደ ኖቭጎሮድ እንዳያዞር። ሳቫ በመጣ ቁጥር ዩስ አድጓል እያለች ከልኩ አስበልጣ የሰፋችውን ሁሉ ትልክለታለች። ዶዝሞር ደግሞ ለልጁ ቀለብ እየተባለ ከግብሩ በላይ ቆዳ ይጨምራል።

«ዘንድሮም ደህና ነው አለኝ» አለች ዩስ የሬሳውን ክንድ እያሸች። «ይበላል፣ ይጫወታል አለኝ። ገና ብዙ የምጠይቀው ነበረኝ። ምነው እኔን ሳያጫውተኝ ሞተ?»

ካሊያ ፍላጻውን ነቀለች። ቀዳዳው ደረቅ ነበር። ሸሚዙም ደረቅ ነው፤ ጠብታ ደም የለበትም። የሞተ ሥጋ አይደማም። ጣቶቿን በሬሳው ፀጉር ውስጥ ሰደደች። ከማጅራቱ በላይ በኩል አጥንቱ ተሰብሯል።

«ዩስ፣ ይህ ሰው በፍላጻ አልሞተም። ከሞተ በኋላ ነው የተተከለበት።»

«ወይ ጉድ! ለሬሳ ፍላጻ ማን ያባክናል?»

«እኔም እሱን ነው የምለው።»

ወገቡ ላይ ያለውን አየች። ብር እጀታ ያለው ቢላ እንዳለ ነው። የአንገት መስቀሉም እንዳለ ነው። እጆቹን ገለበጠቻቸው። ጣቶቹ ነጭና ለስላሳ ናቸው፤ ውርጭ አልነካቸውም። በዚያ ብርድ ባዶ እጁን የሄደ ሰው ጣቱ ጠቁሮ ይገኝ ነበር።

«ጓንቱስ?»

«ገዳዩ ወስዶት ነዋ!»

«ብር ቢላ ትቶ ጓንት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺ ደግሞ ነገር ስትፈትዪ ጨርቃችን አያልቅም» አለች ዩስ፣ ውሃ ልትደፋ ወጣች።

ካሊያ ግን ያሳክካት ጀመር። ብር ትቶ ጓንት የሚወስድ ሌባ ምን ዓይነት ሌባ ነው?

ቩርድ ቤቱ ውስጥ፣ ምድጃው ሥር ቁጭ ብሎ የበረዶ መንሸራተቻውን ሲፍቅ አገኘችው።

«እትዬ ካሊያ፣ የማውቀውን ተናግሬያለሁ።»

«ያገኘኸውን ነው የተናገርከው። በሩ ላይ ምን ነበር?»

«በትር ተደግፎበት ነበር፤ እንደ ደንቡ። ሰው የለም ማለት ነው ብዬ ገባሁ።»

«ገብተህስ?»

ቩርድ መንሸራተቻውን አጥብቆ ይፍቅ ጀመር።

«ገብተህስ፣ ቩርድ?»

«ሬሳ አየሁ።»

«ከሬሳው በፊት?»

«ምንም።»

«ጆሮህ ቀልቷል።»

«ብርድ ነው።»

«እሳት አጠገብ ተቀምጠህ?» ካሊያ አጠገቡ ቁጭ አለች። «ስማኝ። ልጄ ያን ሆዷን ይዛ ጎተራው ሥር በረዶ ላይ ተቀምጣለች፤ ተነሺ ብላት እምቢ አለችኝ። ነገ ባሏን ይወስዱታል። አንተ ደግሞ አንድ ነገር ደብቀሃል። ሳቫን የገደልከው አንተ ከሆንክ አሁኑኑ ንገረኝ።»

«እኔ? ኧረ በእግዜር!» መንሸራተቻውን ወረወረው። «ይስቁብኛል ብዬ ነው!»

«ማን?»

«አገሩ በሙሉ! ውስጡ ጨለማ ነበር፣ እትዬ። ሰው ተኝቷል አልኩ። ደክሞት ነው ብዬ እንዳልቀሰቅሰው በዝግታ እሳት አነደድኩ። ዓሣ ጠበስኩ። ‹ወንድም፣ ተነሥና ብላ› አልኩት። ዝም አለኝ። ኩራተኛ ነው አልኩ። በላሁ። ከዚያ አወራሁት። ስለ ውሻዬ፣ ስለ ሚስቴ እናት፣ ስንቱን! ‹አንተ ጥሩ ሰሚ ነህ› ብዬ ሁሉ አመሰገንኩት! እሳቱ ሲበራ ነው ፍላጻው የታየኝ።»

ካሊያ ሳቀች። ልጇ በረዶ ላይ እያለች፣ አማቿ ሊሰቀል እያለ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ቆመች።

«ቆይ። እሳቱን በምን አነደድከው?»

«በምን ይነደዳል? በተዘጋጀው ነዋ።»

«በየትኛው?»

«ምድጃው ላይ በነበረው። ፍልጡ ተደርድሯል፣ ከፍልጡ ሥር ጭራሮ፣ ከጭራሮው ሥር የዛፍ ልጣጭ። እሳት ማስነካት ብቻ ነበር የቀረው።»

«ዓሣውንስ እንዲሁ አልጫውን በላኸው?»

«ኧረ በጨው!» የቩርድ ፊት በራ። «ወጋግራው ላይ በልጣጭ ተጠቅልሎ ተሰቅሎ ነበር። ነጭ፣ ዱቄት የመሰለ። ከስንት ጊዜ በኋላ ጨው ቀመስኩ መሰለዎት!»

ካሊያ ብድግ ብላ ወጣች።

የአደን ጎጆ ባለቤት የለውም። ቀድሞ የወጣ፣ ለሚመጣው እሳት አዘጋጅቶ፣ ከያዘውም ትንሽ ቆንጥሮ ትቶ ይወጣል። እጁ የደነዘዘ ሰው እንጨት መፍለጥ አይችልምና። ይህን የማያደርግ እኛ ዘንድ ሰው አይባልም። ያኪም አምና ጎጆውን ባዶ ትቶ ወጣ፤ ቀጥሎ የደረሰው ቩርድ የእግሩን ጣት ለውርጭ ገበረ። እስከ ዛሬ ያነክሳል።

ካሊያ ጎተራው ሥር ሄዳ ወደ ላይ ተጣራች።

«ያኪም!»

የያኪም ጭንቅላት በቀዳዳው ብቅ አለ።

«ጎጆ ስትለቅ እሳት አዘጋጅተህ ትወጣለህ?»

«እማማ! ልሞት ነው እኮ! ይህን ስድብ ዛሬ እንኳ አይተዉልኝም?»

«መልስልኝ አልኩህ!»

«አልተውም! ይረሳኛል! በእኛ አገር ሰው ከቤት ሲወጣ ለማያውቀው ሰው እሳት አያነጥፍም! ቩርድን ካስ ብላችሁኝ ትልቁን ድስቴን ሰጠሁት፤ ሌላ ምን ላድርግ?»

«ጨውስ አለህ?»

«ጨው ቢኖረኝ ይሄኔ ሀብታም ነበርኩ! ቩጉሎች መንገዱን ከዘጉት ወዲህ በዓይኔም አላየሁ!»

ቺኪሽ እናቷን ቀና ብላ አየቻት። «ምንድን ነው፣ እማዬ?»

«ባልሽ ሰነፍ ነው» አለች ካሊያ። «እግዜር ስንፍናውን ይባርከው።»

ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። እሳቱን አዘጋጅቶ የወጣው ገዳይ ያኪም ካልሆነ፣ ደንቡን የማያውቅ የሞስኮ ሰውም ካልሆነ፣ ከእኛው አንዱ ነው። ጨው ያለው አንዱ።

እስቴፓን የእንግዳ ቤት ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። ካሊያ ማሰሮ ጠላ ይዛ ገባች።

«አንቺ አሮጊት፣ መጥረቢያሽ ተናግሮ ጨርሷል። ምን ቀረሽ?»

«ጠላ።»

ሳቀ፤ ጽዋውን ዘረጋ። ቆዳ ሊያስገብር እየተመላለሰ ቋንቋችንን ለምዷል፤ ጠላችንንም እንደዚያው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ? ካሊያም አልቸኮለችም። አንድ ጽዋ ጠብቃ ጠየቀችው።

«ሳቫን ትወደው ነበር?»

«አለቃዬ ነበር።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«የምመልሰው እሱን ነው።»

«ጨው ይዛችሁ መጥታችሁ ነበር አሉ። እኛ ግን አልቀመስንም።»

«አንድ ከረጢት። ሳቫ ለሹማችሁ ሰጠው። ሙሉውን። እኔ ራሴ ገንፎ ያለ ጨው ነው የምበላው።»

«ምነው ዘንድሮ ቸር ሆነ?»

እስቴፓን ጽዋውን አሽከረከረ። «እኔ እንጃ።»

«ጓንቱስ የት ሄደ?»

«የትኛው?»

ካሊያ ጆሮዋ ቆመ። «ሁለት ነበረው እንዴ?»

«አንዱ የራሱ፣ ያረጀ። አንዱ የሚያምር ነው። ውጭው የአጋዘን ቆዳ፣ ውስጡ የሽኮኮ ፀጉር፣ ዙሪያውን ቀይ ክር። መንገድ ላይ ያደርገዋል። ወደ አምባችሁ ስንቀርብ ግን ብብቱ ውስጥ ይከተዋል።»

ካሊያ ያንን ቀይ ክር ታውቀዋለች። ዩስ አልበቃት ብሎ ከእሷው ነበር የወሰደችው።

«የልጁን ጓንት ቀማው?»

«አልቀማውም!»

«ታዲያ ሰጠው?»

«ለሞተ ልጅ ጓንት ምን ያደርግለታል?» አለ እስቴፓን ጮክ ብሎ።

ከዚያ አፉን በእጁ ያዘ። አፍ ግን ዘግይቶ ቢያዝ ምን ይጠቅማል?

«በመከር ነው፤ በሳል» አለ በመጨረሻ። «አፌን ዘግቼ እንድመጣ ታዘዝኩ። መሞቱ ከታወቀ የቀለቡ ቆዳ ይቀራል። ሹማችሁም የሚፈራው ነገር አይኖርም። እናቴ…» እናቴ ሲላት ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። «የቀበርኩት እኔ ነኝ። እናቱን ሲጣራ ነበር፣ በእናንተ ቋንቋ። ከእኔ በቀር የገባው ሰው አልነበረም።»

ካሊያ ጠላውን ቀድታለት ወጣች። ውጭ ቆማ አለቀሰች። ዩስ ያንን ልጅ ስትወልድ እጇን የያዘችው እሷ ናት።

በማግስቱ ማለዳ ዶዝሞርን ወንዙ ላይ፣ የበረዶውን ቀዳዳ ከፍቶ የዓሣ ወጥመዱን ሲስብ አገኘችው። አብረው ያደጉ ናቸው፤ በልጅነታቸው በዚሁ ወንዝ ላይ አንድ መንሸራተቻ ተካፍለው ወድቀዋል።

«ዓሣው እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ጨው አለህ አሉ።»

«ጥቂት።»

«የዚያ ጥቂት ጥቂቱን ጎጆው ውስጥ ትተኸዋል። ቩርድ ዓሣ በላበት።»

ዶዝሞር ገመዱን ያዘና ቆመ።

«ትናንት አገር ፊት ቼርዲን ነበርኩ አልክ» አለች ካሊያ። «እኔ ግን የቸገረኝ ሌላ ነው። ሰው ገደልክ። ፍላጻ ተከልክበት። ከዚያ ደግሞ ተንበርክከህ ጭራሮ ሰነጠቅክ? ፍልጥ ደረደርክ? በሩ ላይ በትር አስደገፍክ? ለምን፣ ዶዝሞር? ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሳስብ ነው ያደርኩት።»

ዓሣው በረዶው ላይ ይፈራገጥ ነበር።

«እኔም አላውቅም» አለ። «እጄ ነው የሠራው። በሩን ስከፍት ውርጩ ፊቴን መታኝ። የሚመጣው ሰውስ አልኩ።»

«ጓንቱ የት ነው?»

ካባውን ገለጥ አደረገ። ደረቱ ላይ ነበር፤ ቀይ ክሩ ይታያል።

«ሳቫ ‹ለራሴ ቆዳ አድንልኝ፣ ማንም እንዳያይ› አለኝ። አብረን ወጣን። ጎጆው ስንደርስ አሮጌ ጓንቱ ረጥቦ ነበር፤ አውልቆ በረዶው ውስጥ ጣለው። ከብብቱ ሌላ አወጣ። ረስቶ ነው። እኔ መሆኔን ረስቶ። ‹የልጄን ጓንት ምን አመጣው እጅህ ላይ?› አልኩት። ሳቀ። ‹ጠበበው› አለኝ። እንዲያ ከሆነ ዘንድሮ ልጄን በዓይኔ ሳላይ አልገብርም አልኩት። ያኔ ፊቱ ተለወጠ። ነገረኝ። እንደ ዋዛ ነገረኝ፣ ካሊያ! ከዚያ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ጨው ሰጥቼህ የለ?› አለኝ።»

«በምን መታኸው?»

«በመንሸራተቻዬ በትር። ፊቱን ሲያዞር።»

«ፍላጻውስ?»

«ኮሮጆዬ ውስጥ ነበር፤ ከያኪም የገዛሁት። ከእኛ አንዱ ገደለ ከተባለ ዩካር ትቃጠላለች ብዬ ፈራሁ። ያኪም ባዳ ነው። እዚህ የሚያለቅስለት ዘመድ የለውም።»

«የለውም?» የካሊያ ድምፅ ተሰነጠቀ። «ልጄ ምኑ ናት? በሆዷ ያለውስ ምኑ ነው? ያንተንም ልጅ የወሰዱት እንዲሁ ብለው ነው እኮ! እዚያ የሚያለቅስለት የለም ብለው!»

ዶዝሞር በረዶው ላይ ቁጭ አለ። እንደ ሕፃን አለቀሰ። ካሊያ ሌሊቱን ስትፈራው አድራ ነበር፤ አሁን ግን አጠገቡ ቁጭ ብላ ትከሻውን ያዘችው።

«እኔ ለእስቴፓን አልናገርም» አለችው። «አንተ ትናገራለህ። ረፋዱ ሳይደርስ።»

«እናገራለሁ።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ዩስ ግን አትወቅ። ልጁን ሊያይ ሄደ በያት።»

«እስከ መቼ?»

«ዘንድሮን ብቻ። ዘንድሮን ትኑርበት።»

ካሊያ ክንዱን ይዛ አስነሳችው።

ዶዝሞር ለእስቴፓንና ለሽማግሌዎቹ በዝግ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ከዩስ ጆሮ እንዳይደርስ በድብ መዳፍ ማሉ። በድብ መዳፍ ምሎ የከዳ ሰው ጫካ አይገባም፤ ድቡ ያውቀዋል። እስቴፓን ብዙ አልተናገረም። «የገደለው አንድ ሰው ነው፤ የሚሄደውም አንድ ሰው ነው። ሌላውን እኔ አላየሁም» አለ። ዶዝሞር አንድ ነገር ብቻ ለመነው፤ የወንዙን መታጠፊያ እስኪያልፉ እንዳያስረው። እስቴፓን ራሱን ነቀነቀ።

ያኪምን በመሰላል አወረዱት። ቺኪሽ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልለቅም አለች። ያኪም በትከሻዋ በላይ ካሊያን አያት።

«እማማ፣ እንዴት አዳኑኝ?»

«ዛሬውኑ እንጨት መሰንጠቅ ትማራለህ» አለችው። «ልጅህን እንዳንተ አድርገህ ብታሳድግ አልምርህም።»

ለዩስ «ሹሙ ሞስኮ ሊመሰክር ነው፤ በዚያውም ልጁን ያያል» አሏት። ዩስ ቤት ገብታ ወጣች፣ ደግማ ገባች፣ ደግማ ወጣች። ጋሪው ሊነሳ ሲል ከረጢት ተሸክማ እየሮጠች መጣች። ፔልኛን ነው፤ ሥጋ በሊጥ ጠቅልላ፣ በውርጭ አድርቃ ያስቀመጠችው።

«ብቻህን እንዳትበላው! ለልጁ ነው።»

«አልበላውም» አለ ዶዝሞር።

«ማን ያምንሃል፣ ሆዳም!» አለችና ካባውን ቆልፋለት ወደ እስቴፓን ዞረች። «አንተስ፣ ታየዋለህ አይደል? ቁመቱ የት ደረሰ?»

እስቴፓን ዶዝሞርን አየ። ዶዝሞር የጋሪውን የታሰረ ጠፍር እንደገና ያስር ነበር።

እስቴፓን እጁን አነሳ። ከደረቱ አለፈ። ትከሻው ጋ አቆመው።

«እዚህ» አለ።

«ወይኔ ልጄ!» ዩስ እያለቀሰች ሳቀች። «ሰማችሁ? አባቱን ሊያልፍ ነው!»

ቀርባ የራሷን እጅ ከእስቴፓን እጅ ሥር አስገባች፣ ልክ እዚያው ላይ። ከዚያ ዞረች። ጋሪው ሲነሳ አላየችም። እጇን በዚያ ቁመት አንስታ፣ እንዳይወርድባት ተጠንቅቃ፣ በሰው መሃል ወደ ቤቷ ሄደች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት።

ካሊያ ተከተለቻት። ስትደርስ ዩስ በዚያው ቁመት የበሩ መቃን ላይ በቢላ ምልክት አድርጋለች። ትልቁን የአጋዘን ቆዳ ወለሉ ላይ ዘርግታዋለች።

«መጣሽልኝ? ከዚያ ወዲያ በኩል ያዢልኝ» አለች ዩስ። «ለሚመጣው ክረምት ካባው እንዲደርስለት ነው።»

ካሊያ ተንበርክካ ቆዳውን ያዘችላት፤ ዩስም መቁረጥ ጀመረች።